ዛሬ የትርንጎ ወላጅ ሆኜ ሄድሁ

«አክስቷ አይደለሁም፤ አከራይዋ ነኝ» አልኋቸው ዛሬ ጠዋት የትምህርት ቤቱን ዩኒት ሊደር።

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ መጡ? ወላጅ ነው ያልነው!»

ትርንጎ ግቢዬ ውስጥ ክፍል ተከራይታ የምትማር የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ያሉት ዱርቤቴ ነው። ትናንት የክፍሏ ልጆች ለምሳ በያዘችው ድርቆሽ ሲስቁባት እያለቀሰች ሳታስፈቅድ ከትምህርት ቤት ወጣች። «ወላጅ ካላመጣሽ አትገቢም» ተባለች።

«እትዬ፣ አክስቷ ነኝ ይበሉልኝ» ብላ ለመነችኝ። ካልሆነ ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ነው። (ባሕር ዳር ውስጥ ስንት የውሸት አጎት እንዳለ መምህራኑም አያጡትም።)

ዝም ማለት በሌለብኝ ቦታ ዝም ብዬ የኖርሁ ሴት ነኝ። ዛሬ ግን አልቻልሁም።

«አባቷ አዝመራ ላይ ናቸው። ስታለቅስ ያደረችው እኔ ቤት ነው። ለመሆኑ የሳቁባት ልጆች ወላጅ አምጡ ተብለዋል?»

«አልተባሉም።»

«እንግዲያው የእነሱም ወላጆች እስኪመጡ እጠብቃለሁ» ብዬ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

ሰውየው ከወንበራቸው ተነሡ። ትርንጎን ራሳቸው ክፍል አስገቧት፤ የሳቁትንም ልጆች ጠሯቸው።

ከቤተሰብ ርቃችሁ የተማራችሁ፣ «ወላጅ አምጡ» ስትባሉ ማን አብሯችሁ ሄደ? እስኪ ንገሩኝ፤ ለትርንጎ አነብላታለሁ።