በእንግሊዝኛ ቆጠርኳቸው

ስድስት ሆነን ሳለ አራት ተብለን ተጻፍን። በደሉ ይኸው ነው። የተፈጸመው በ1966 ዓ.ም. በረሃቡ ጊዜ፣ መካነ ሰላም ላይ ነው። ሰው ስለዚያ ዓመት ሲያወራ ስለ ወታደሩና ስለ ንጉሡ ያወራል። እኔ የማስታውሰው በእንግሊዝኛ ከአንድ እስከ ስድስት መቁጠሬን ነው።

ሰሞኑን የልጄ ልጅ የእንግሊዝኛ ቁጥር ጮክ ብላ ስታጠና ትቻት ከቤት ወጣሁ። "አባባ፣ ምን ሆንክ?" አለችኝ። አልነገርኳትም። ለእናንተ ልጻፈው።

ያን ጊዜ ፊደል የሚባል አላውቅም። ከመካነ ሰላም የሦስት ሰዓት መንገድ ርቀን የምንኖር ገበሬዎች ነበርን፤ እኔ፣ ሚስቴ ይመኙሻል፣ እናቴና ሦስት ልጆች። በልጉ ጠፋ፤ በዓመቱም ጠፋ። በሬዎቹ አለቁ። መጋቢት ላይ በአቀስታ በኩል የእርዳታ ስንዴ በመኪና መጣ ሲባል ሰምተን ሄድን።

መጋዘኑ ፊት ጠረጴዛ ተዘርግቷል። አንድ ረጅም ፈረንጅ ተቀምጧል፤ ከጎኑ መዝጋቢም አስተርጓሚም የሆነ ጸሐፊ አለ። ጸሐፊው ቀና እንኳ ሳይል "ስንት ናችሁ?" አለኝ።

በእኛ ዘንድ ሰው አይቆጠርም። ከብትም አይቆጠርም። ልጆችህ ስንት ናቸው ያለህን ሰው አጉድለህ ትነግረዋለህ፤ ሞልተህ የተናገርከው ይጎድላል ይባላላ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ጋቢዬን ሳብ አደረገችው። እኔም በለመደ አፌ "አራት" አልኩ። ሁለቱን ትንንሾች ዋጥኳቸው። ጸሐፊው አራት ብሎ ካርድ ጻፈልኝ፤ የአራት ሰው ስንዴ ተሰፈረልኝ። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ቤት ገብተን ለስድስት ሲካፈል ነው።

በአሥራ አምስት ቀን ተመልሼ "ጌታዬ፣ ስድስት ነን" አልኩት።

"ባለፈው አራት ነበራችሁ። በሁለት ሳምንት ሁለት ወለድክ?" አለ።

ሰልፈኛው ሳቀ። የተራበ ሰውም ይስቃል።

"እባክህ ለፈረንጁ ንገርልኝ" አልኩት።

"ራስህ ንገረዋ! አፍ የለህም?"

ራሴ ልነግረው ቆረጥኩ። የአጎቴ ልጅ ዘነበች መካነ ሰላም ስምንተኛ ክፍል ትማር ነበር። "አብሽር ወንድም ጋሼ፣ አንድ ቀን አይፈጅም" አለችኝ። ሦስት ቀን ፈጀ። ሦስት ላይ ምላሴን በጥርሴ መሀል አውጥቼ እንድነፋ ታዘኛለች። "ትሪ አትበል፤ ትሪ እንጀራ ማቅረቢያ ነው!" ትለኛለች። የአምስት መጨረሻ ላይ የታች ከንፈሬን ነከስ እንዳደርግ ታሳየኛለች። ዕድሜዬን እርፍ የጨበጥኩ ሰው እንደ ሕፃን ከንፈሬን ስነክስ አስቡት። በመጨረሻ "እያንዳንዳቸው ላይ እጅህን እየጫንክ ቁጠር። አይቶ ይገባዋል" ብላ ሰደደችኝ።

እናቴ ይህን ስትሰማ አልሄድም አለች።

"ልጆቹን በሰው ፊት ልትቆጥር?"

"እማዬ፣ በእንግሊዝኛ ነው እኮ። በእኛ አፍ ካልሆነ ምኑ ቆጠራ ነው?"

"እግዜር እንግሊዝኛ አይሰማም ያለህ ማነው?"

እንዲህ ብትልም ለልጆቹ ብላ መጣች።

ስድስታችንም ጠረጴዛው ፊት ቆምን። እጄን ደረቴ ላይ ጫንኩና "ዋን" አልኩ። ይመኙሻልን "ቱ"። እናቴን "ስሪ"፤ ምላሴን አውጥቼ፣ ነፍቼ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያ ልጆቹን "ፎር፣ ፋይቭ፣ ሲክስ"። አንዲት አልሳትኩም።

ፈረንጁ አጨበጨበ። ተነስቶ ጓደኛውን ከመጋዘን ጠራና አሳየው። አንድ ነገርም ጠየቀኝ። እኔ ያለኝ ስድስት ቃል ነው። ሌላ የምለው ስላልነበረኝ እንደገና ቆጠርኩ። ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸው የክፋት አልነበረም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

"ካርዱ ላይ ያለው አራት ነው በልልኝ!" ብዬ ጸሐፊውን ለመንኩት። ለፈረንጁ አንድ ነገር አለው። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ፈረንጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ለልጆቹም ብስኩት ሰጣቸው።

"በል እለፍ፤ ወዶሃል" አለኝ ጸሐፊው።

የአራት ሰው ስንዴ ተሰፈረልኝ።

ዘነበች ነገሩን ስነግራት አለቀሰች። ከዚያ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አቤቱታ ጻፈችልኝ። ወስጄ ሰጠሁ። ጸሐፊው ሳያነበው መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ፋሲካ አለፈ። እናቴ ምግብ ሲቀርብ "ጾም ይዣለሁ" ማለት ጀመረች። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ጾም የለም። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ የሰበካው ቄስም ያውቃሉ። ድርሻዋን ወደ ትንንሾቹ ትገፋዋለች። "እማዬ፣ ትንሽ ቅመሽ" ስላት "አትጨቅጭቀኝ። የቆጠርካቸውን አብላ" ትለኛለች። ምን ላድርግ? በግድ አፏን አልፈለቅቅ። ከልጆቹ አልነጥቅ። ቁጭ ብዬ አየኋት። ግንቦት ልደታ ባለፈ በሳምንቱ ሞተች።

ለቅሶው ላይ አክስቴ ለጎረቤቷ "ቆጠራት እኮ" ስትል ሰማሁ። የገደላት ረሃብ እንጂ ቁጥር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር። ማወቄ አልረዳኝም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሹም ሁሉ በሚሻርበት በዚያ ሰሞን፣ ጸሐፊውም ተነሳ። አዲሱ ሰው መሳቢያውን ሲከፍት የዘነበችን ወረቀት አገኘ። ስሜን አስጠራኝ። ካርዴን ተቀብሎ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘበት፤ ከጎኑም ሌላ ቁጥር ጻፈበት።

"ተበድለሃል ወንድሜ። ስድስት ብለንሃል። ጉዳይህ አልቋል" አለኝ።

አምስት ነን ማለት ነበረብኝ። አፌ እንቢ አለኝ። የስድስት ሰው ስንዴ ተሸክሜ ገባሁ፤ ይመኙሻል ጆንያውን አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ካርዱን አልጣልኩትም። ከአብዮቱ በኋላ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ፣ ማንበብ ተማርኩ። ማንበብ እንደቻልኩም መጀመሪያ ያወጣሁት እሱን ነው። ዛሬ ፈረንጁን አልጠላውም። ጸሐፊውን እጠላዋለሁ፤ ሞቷል ሲሉኝም አልተውኩትም። እኔን ራሴን ምን እንደማደርገው አላውቅም። በቀይ ከተጻፈው ስድስት ቁጥር ሥር ፊርማና ቀን አለ፦ ሰኔ 5 ቀን 1966 ዓ.ም.