የእትዬ ዘነቡ ቅል

ዛሬ ሸዋ ሮቢት ላይ ከባጃጅ ስወርድ አጥር ላይ ነጭ የቅል አበባ አየሁ፤ አፌን መረረኝ።

ልጅ ሳለሁ ከዘር ያሳደግኩት ዱባ አጥር ቢሻገር፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ከነፍሬው ነቅለው ለፍየላቸው ሰጡት። በዓመቱ «የዱባ ችግኝ አለሽ አሉ፤ እስቲ ስጪኝ» ብለው መጡ። የቅል ሰጠኋቸው። ሁለት ቅጠል ሳለ ማን ይለየዋል? በዚያ ሐሩር ከወንዝ በጀሪካን እያመላለሱ ሲያጠጡት፣ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

የዱባ አበባ ቢጫ ነው፤ የእሳቸው ነጭ ሲሆን ገባቸው። ግን አልነቀሉትም። ቅሉን ፈልፍለው፣ አድርቀው፣ ውሃ ሞልተውበት መጡና «ጠጪ ልጄ፣ የእጅሽ ፍሬ ነው» አሉኝ። አዲስ ቅል መራራ ነውና ውሃው ሬት ነበር። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ጨለጥኩት።

ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ዛሬም ችግኝ ቢለምኑኝ የምሰጣቸው ቅል ነው።