የምረቃው ጥሩንባ

ከእንጦጦ ዳገት ሥር ባለው ሰፈር ሰው ሲሞት የሚያረዳው ጋሽ ፍቅረማርያም ነው። ጎህ ሲቀድ የእድሩን ጥሩንባ እየነፋ በየቅያሱ ይዞራል፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። በዚህ ሥራ ሸብቷል። ለሰርግም ለስብሰባም ነፍቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ሰፈሩ ጥሩንባውን ሲሰማ ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ ተነሥቶ ይለብሳል። ጋሽ ፍቅረማርያም ከዚህ ሌላ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም።

ዘንድሮ ወረዳው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሊያስመርቅ ሆነ። ቦዩ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል፤ በጀቱ ግን በዋና አስፈጻሚው ፎቶ፣ ፊቱ በታተመበት ቲሸርትና በካሜራ ኪራይ አልቋል። ፎቶው ብቻውን የቤት ግድግዳ ያክላል። ቦዩ ለክረምቱ አልደረሰም፤ ለምርጫው ግን ደረሰ።

የጎደለው ሕዝብ ነበር። ታዴዎስ የሚባል የወረዳው ኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ጋሽ ፍቅረማርያም ቤት መጣ።

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት በጥሩንባዎ ሕዝቡን ይጥሩልን። ድንኳኑንም ከእድሩ ወስደናል።»

«ልጄ፣ ይሄ እኮ የሞት ጥሩንባ ነው።»

«ጥሩንባ ጥሩንባ ነው። ደግሞ የሚኖሩት በቀበሌ ቤት አይደል?»

በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ለወረዳ እምቢ አይልም። ጋሽ ፍቅረማርያም ነፋ፤ የዋና አስፈጻሚውን ስምና ሰዓቱን ተናገረ። ስለ ቦዩም ጨምሮ ነበር፤ ያንን ግን ቆሞ ያዳመጠ አልነበረም።

ሰዉ ጥቁር ለብሶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። የእድሩ ድንኳን ተተክሏል፤ ከፊቱ ትልቅ ፎቶ ቆሟል፤ ከፎቶው ሥር አበባ ተደርድሯል። ለቅሶ ቤት ከዚህ ሌላ ምን አለው? የሰፈሩ አልቃሽ ሥርጉት «ምነው በጎልማሳነትህ» ብላ ደረቷን መታች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። ዋና አስፈጻሚው በእግሩ ከመኪና ሲወርድ ሽማግሌዎቹ አማተቡ። ካሜራው ግን ሥራ አልፈታም። ማታ በወረዳው ፌስቡክ ላይ «ነዋሪዎች የደስታ እንባ አነቡ» ተባለ። ሰፈሩ ሲስቅ ሰነበተ። ሥርጉት ብቻ አልሳቀችም፤ ለቁም ሰው አስለቀሰኝ ብላ ጋሽ ፍቅረማርያምን ተቀየመችው።

ወር ሳይሞላ ወልደ ሐዋርያት ሞተ፤ የጋሽ ፍቅረማርያም የግድግዳ ጎረቤትና አብሮ አደጉ። ጋሽ ፍቅረማርያም እያለቀሰ ነፋ። መስኮቶች ተከፈቱ፣ የሟቹን ስም ሳይጠራ ተመልሰው ተዘጉ። ሥርጉት በሯ ላይ ቆማ፣

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊመርቁ ነው?» አለችው።

«ወልዴ ነው። ወልዴ ሞተብኝ።»

እሷ ፊቱን አይታ አመነችው። ሌላውን ለማሳመን ግን በየበሩ ማንኳኳት ነበረበት፤ የቀብሩ ሰዓት ደግሞ ደርሷል።

ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣው ዳገት ብርቱ ነው። በደህናው ጊዜ የሰፈሩ ወንድ አስከሬን እየተቀባበለ ያወጣዋል፤ የዚያን ቀን የሚቀበል ጠፋ። ጋሽ ፍቅረማርያም ትከሻውን ሳይለውጥ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። አስከሬኑን ሲያወርዱ ጎንበስ ብሎ፣

«ወልዴ፣ ሰው ያሳጣሁህ እኔ ነኝ» አለው።