በሲኒማ ቤቱ ደጃፍ የተለቀሰላት እናቴ

ልጅ እያለሁ ቆቦ ውስጥ ሲኒማ ቤት ነበረ። ይህን ስናገር የዛሬ ልጆች ይስቃሉ። እኩዮቼ ግን ያስታውሳሉ፤ የጄነሬተሩን ጩኸት፣ ተሰፍቶ የተወጠረውን አቡጀዲ፣ እያለቀሰች የምትዘፍነውን ህንዳዊት ያነሱና ደስ ይላቸዋል። ሰሞኑን የሲኒማ ቤቱ ኃላፊ የነበረው የአቶ ግርማቸው ልጆች ስለ አባታቸው መታሰቢያ ጽሑፍ ሲያሰባስቡ እኔ ዘንድም መጡ። አባታችን ለቆቦ ብርሃን ያመጡ ሰው ነበሩና አንድ ጥሩ ትዝታ ይጻፉልን አሉኝ። እነሱ እሳቸው ይሉታል፤ እኔ እሱ እለዋለሁ። ትዝታው አለኝ። ጥሩ መሆን አለመሆኑን አንብበው ይፍረዱ።

ቤታችን ከዋጃ ወዲያ ሜዳው ላይ ነበር። አገሩ የማሽላ አገር ነው። በደህናው ዘመን ጥንቅሽ ሲደርስ ቀኑን ሙሉ ስናኝክ ውለን ከንፈራችን ተቆራርጦ፣ እጃችን ተጣብቆ እንገባ ነበር። የስድሳ ስድስቱ ድርቅ ሲመጣ ግን ማሽላው ቁመቱ ጉልበቴ ሳይደርስ ደረቀ። መጀመሪያ ጊደሮቹ ሞቱ፤ ቀጥሎ በሬዎቹ፤ ከዚያ አባቴ። እናቴ ከበቡሽ እጄን ይዛ ቆቦ ታላቅ እህቷ ዘንድ አመጣችኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

አክስቴ ይርገዱ አረቄ ሻጭ ነበረች። እኛን ስታይ ከበሩ ላይ አልተነሳችም። አንድ አፍ እችላለሁ፣ ሁለት ግን አልችልም አለች። ሆድ ሲጎድል ሰው ያጎድላል ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ፤ እኔ ግን የአክስቴ ቤት ያን ያህል ጎድሎ እንዳልነበር ከገባሁ በኋላ አይቻለሁ። እናቴ አልተለማመጠችም። ትንሽ ራቅ አድርጋ ወሰደችኝና ነጠላዬን አጥብቃ አሰረችልኝ።

«ጎብዬ መጠለያ ተሠርቷል ይላሉ፤ እዚያ እሄዳለሁ» አለችኝ። «ስንዴ ካገኘሁ እመለሳለሁ። ጉልበት ካነሰኝ ደግሞ ሰው እልክብሻለሁ። የላክሁት ሰው ሲመጣ እንዳታንገራግሪ፣ ተነስተሽ ነይ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራዬ ሰው መጠበቅ ሆነ። ከሰፈር ልጆች ጋር ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት እንኳ ፊቴን ወደ አስፋልቱ አድርጌ ነበር የምዘለው። ከደሴ በኩል የመጣ መኪና ሲቆም ጨዋታውን ጥዬ እሮጣለሁ፤ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኑን አያለሁ። ከእናቴ የተላከ ሰው መልኩ እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ሲኒማ ቤቱ ከአክስቴ ቤት ማዶ ነበር። ድሮ የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን የነበረ ነው፤ እህል ሲጠፋ ባዶውን ቢቀር ግርማቸው ተከራየው። ግርማቸው በልጅነቱ አስመራ ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት ይቀድ ነበር። ከዚያ ይዞት የመጣ አንድ ያረጀ የፈረንጅ መጽሐፍ ነበረው። በፈረንጆቹ ትልቅ ጦርነት ጊዜ ለሲኒማ ቤት ኃላፊዎች የታተመ ነው፤ ሰው ኀዘንና ፍርሃት በያዘው ዘመን እንዴት ተብሎ ወደ ሲኒማ እንደሚሳብ ያስተምራል። ማታ ማታ አክስቴ ቤት አረቄውን ይዞ ይቀመጥና ለጠጪዎቹ እየተረጎመ ያነብላቸዋል። እኔ ብርጭቆ ሳጥብ እሰማለሁ። ብልሃቱ ቀላል ነው ይል ነበር፤ ጦርነት የሚለው ቦታ ሁሉ ድርቅ እያሉ ማንበብ ነው። ጠጪዎቹ ይስቃሉ። አክስቴም ትስቃለች።

መጽሐፉ በጦርነት ጊዜ ቁራጭ ብረት ያመጣ በነጻ ይግባ ይላል አለ። ቆቦ ብረት የለም። የሞተ ከብት ግን ሞልቷል። ስለዚህ ቆዳ ያመጣ በነጻ ይገባል ብሎ በጋሪ ከበሮ አስመትቶ አስነገረ። ጋሪው የአባ ይማም ነበር፤ ጮቢ በር ከሚባለው ቦታ ማዶ የሚኖሩ ረጋ ያሉ የራያ ሰው። ገበሬው የመጨረሻ በሬውን ገፍፎ ቆዳውን ተሸክሞ መጣ። ቆዳው ከመጋዘኑ ጀርባ ተከመረ፤ ነጋዴው በመኪና ጫነው። ገበሬው አቡጀዲው ፊት ቁጭ ብሎ በማያውቀው ቋንቋ የሚዘፈነውን አየ። ያ ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። እኩዮቼ የሲኒማ ቤቱ ሽታ ትዝ ይለናል ሲሉ ስለ ፈንዲሻ ነው የሚያወሩት፤ እኔ ቆዳው ነው የሚሸተኝ።

ቆዳውም እያለቀ ሲሄድ ግርማቸው ወደ መጽሐፉ ተመለሰ። የዘማቾችን ፎቶ በሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ስቀል ይላል አለ፤ እናትም እህትም ልታይ ትመጣለች፣ በር ድረስ የመጣ ሰው ደግሞ ሳይገባ አይመለስም። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጦ ዛሬ ዘመዱ መንገድ ላይ ያልቀረበት ማን አለ ብሎ ጠየቀ። በማግስቱ ካሜራውን አንግቶ፣ መንገድ ላይ የቀረውን ሰው ፎቶ ሊያነሳ በአባ ይማም ጋሪ ወጣ። ፎቶውን ራሱ ጓዳ ውስጥ በጨለማ ያጥብ ነበርና ብዙ ቀን አልፈጀበትም።

አንድ ያልገባው ነገር ነበር፤ ቢያንስ ያኔ አልገባውም። በእኛ አገር የሰው ፎቶ ደጅ ወጥቶ ሰው የሚከበው በለቅሶ ነው። የሟች ልብስና ፎቶ ይወጣል፤ ሴቶቹ እያዩ ሙሾ ያወርዳሉ። በሕይወት ያለን ሰው ፎቶ አደባባይ የሰቀለ ከዚያ በፊት አልታየም።

የገበያ ቀን ነበር። ሃያ የሚሆን ፎቶ በሳንቃ ላይ ተለጥፎ በሩ ላይ ቆመ። አንዲት አሮጊት ተጠግታ አየች፤ ልጇን አየች። ደረቷን መታች። እሷ ስትጮህ ከገበያው ሰው ሮጦ መጣ፤ የመጣው ሁሉ የራሱን መፈለግ ጀመረ፤ ያገኘ ይጮሃል፣ ያላገኘ ያላቅሳል። አክስቴ እኔን እየጎተተች ሰው መሃል ገባች።

እናቴ በሁለተኛው ረድፍ ዳር ላይ ነበረች። ቁጭ ብላ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በቀጥታ ወደ እኔ ታያለች።

እኔ አልጮህኩም። ጆሮዬ ድፍን አለ። አክስቴ መሬት ላይ ስትወድቅ፣ ሰዎች ሲያነሷት አያለሁ፤ ድምፅ ግን አልሰማም። ያን ጊዜ ግርማቸው ከበሩ ወጣ። እጁን አነሳ፤ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሕዝቡን አየ። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። አፉን መልሶ ዘጋና ወደ ውስጥ ገባ። ዘጠኝ ዓመቴ ቢሆንም ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማንም ተሳስተሻል ሊለኝ አይችልም።

አክስቴ ቤት ለቅሶ ተቀመጥን። ፀጉሬን ላጩኝ፤ ነጠላዬን ከል ነከሩት። ጎረቤቱ በዚያ ረሃብ እንኳ ያለውን ተካፍሎ ንፍሮ አመጣ። ግርማቸውም መጣ። ነጠላውን አዘቅዝቆ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ አለ። ራሴንም ዳሰሰኝ። በሳምንቱ ፎቶዎቹን ከደጃፉ አንስቶ ወደ አዳራሹ አስገባቸው። ከዚያ በኋላ የራሱን ሰው ማየት የፈለገ ከፍሎ መግባት ነበረበት። ከሩቅ መንደር ሳይቀር ይመጡ ነበር። ከግድግዳው ስር አልቅሰው ሲደክማቸው መብራቱ ይጠፋል፤ ፊታቸውን ሳይጠርጉ ፊልሙ ይጀመርላቸዋል። ሲኒማ ቤቱ እንደዚያ ጊዜ ሞልቶ አያውቅም።

እኔ መኪና መጠበቁን ተውኩ። ሌሎቹ ልጆች ሲዘሉ ግድግዳ ተደግፌ አያቸዋለሁ።

አባ ይማም ያን ሰሞን አላማጣ ዘመዳቸው ታሞ ሄደው ነበር። በሁለት ሳምንታቸው ሲመለሱ ፈረሳቸውን ውኃ ሊያጠጡ አክስቴ ደጅ ቆሙ፤ እኔን አዩ። ራሴን አዩ። አክስቴን ይች ልጅ ምን ሆና ነው አሏት። እናቷ ሞታ አለች አክስቴ፣ የእኔዋ ከበቡሽ።

«መቼ?» አሉ።

ፎቶዋ የተሰቀለ ቀን አለች።

አባ ይማም የፈረሱን ልጓም ለቀቁት። «ሱብሃነላህ። እትዬ ይርገዱ፣ ግርማቸውን እኔ እኮ ነኝ ያደረስኩት። ጎብዬ መጠለያው በር ላይ ነበረች። እግሯ አብጦ ነው እንጂ ደህና ትናገራለች። ልጄ ቆቦ አረቄ ሻጯ ይርገዱ ዘንድ ናት፣ ነይ በሉልኝ ብላ ለዚህ ሰውዬ አደራ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሺ ብሏታል። እሺ ብሎ ነው ፎቶ ያነሳት።»

ስጠብቀው የነበረው መልእክተኛ ግርማቸው ነበር። ማታ ማታ ብርጭቆውን የማጥብለት፣ ለቅሶ መጥቶ ራሴን የዳሰሰው።

አክስቴ ሮጣ ማዶ ተሻገረች፤ እኔም ተከተልኳት። ግርማቸው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አክስቴ የተናገረችውን ሁሉ አልጽፈውም። ሰምቶ ጨረሰና እንዲህ አለ፤ «እኔ ሞታለች ብያለሁ? ፎቶ ነው የሰቀልኩት። ለቅሶውን የጀመራችሁት እናንተ።»

አክስቴ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ከንፍሮው ተርፎ የደረቀ ጥቂት ነበር፣ እሱን ቋጠረችልኝ። አብራኝ ትሄዳለች ብዬ ነበር። አረቄው እሳት ላይ ነው አለች።

አባ ይማም በዚያው ቀን ጎብዬ አደረሱኝ። መንገዱ ያን ያህል ቅርብ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ያለቀስነው ለዚህች መንገድ ነው። እናቴን ከመጠለያው አጥር ስር አገኘናት። ከፎቶው ይልቅ ከስታለች፤ እግሯ እንደ ግንድ ሆኗል። ስታየኝ ፊቷ በራ፤ ከዚያ ዓይኗ ራሴ ላይ ወጣ። የተላጨውን ራሴን፣ ከል ነጠላዬን አየች። ደነገጠች። ክንዴን ጨብጣ ወደ ራሷ ሳበችኝ።

«ማን ሞተብን?» አለችኝ።

ምን ብዬ ልዋሽ? ልጅ ነኝ። «አንቺ» አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። አባ ይማም ዓይናቸውን ወደ መሬት አድርገው ጥቂት ጥቂቱን ነገሯት። ሰምታ ራሴን በመዳፏ ስታሻሽ ቆየች፤ መዳፏ ሻካራ ነበር። «እና አልቅሰው ጨረሱ?» ብላ ጠየቀች። አዎ አልኳት። ለምን እንዳልመጣሁ አልጠየቀችኝም። እኔ ግን ሁለቱን ሳምንት ሙሉ እዚያ አጥር ስር ሆና ወደ ቆቦ መንገድ ስታይ እንደነበር አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ነግረውኛል። ከድርሻዋ ስንዴ ለልጄ ብላ በጨርቅ ቋጥራ ታስቀር እንደነበርም ነገሩኝ። ቋጠሮውን አየሁት። ያን ስንዴ በልታው ቢሆን እላለሁ፤ ከዚህ በላይ ማሰብ አልፈልግም።

ሦስት ቀን አብሬያት ቆየሁ፤ አባ ይማምም ጥለውን አልሄዱም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ላይ ሳለን፣ እጄን እንደያዘች ሞተች። ጎብዬ ቤተ ክርስቲያን ስትቀበር አንድ ቄስ፣ ሁለት ከመጠለያው የመጡ ወንዶች፣ እኔ፣ ከአጥሩ ውጪ ደግሞ አባ ይማም ነበርን። የጮኸ አልነበረም። እኔም እንባዬን በውሸቱ ለቅሶ ጨርሼው ነበር መሰለኝ፣ አልመጣልኝም።

ቆቦ ተመልሰን አባ ይማም አክስቴን አረዷት። ቁጭ አለች፤ ፊቷ ጠቆረ። ጎረቤት ልጥራ ወይ ቢሏት ግን ራሷን ነቀነቀች። ለቅሶዋን አውጥተናል አለች፤ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይለቀስም። ጎረቤቶቹም ሲሰሙ እግዚአብሔር ነፍስ ይማር ብለው ወደየቤታቸው ገቡ። ሁለተኛ ንፍሮ የሚያመጣ አቅም ያለው አልነበረም፤ በእነሱ አልፈርድም። በአክስቴ እፈርዳለሁ። እስክትሞት ድረስ ይህን ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ።

የእናቴ ፎቶ ከሲኒማ ቤቱ ግድግዳ አልወረደም። መንግሥት ተለውጦ መጋዘኑ ሲወረስ ሳንቃው ከነፎቶው የት እንደገባ አላውቅም። ስጠይቀው ግርማቸው እሱም አላውቅም አለኝ። በዚህ ምድር ላይ የነበራት ፎቶ ያ ብቻ ነበር። ልጆቹ እንግዲህ ትዝታ ካሉ ይህ ነው፤ ካተሙት ሳይቆርጡ ያትሙት።

አሁን ቆቦ ሌላ ሆኗል። ሰው ሲሞት እድሩ በጠዋት ድንኳን ይተክላል፤ ወንበር ይደረደራል፤ ባጃጁ ከዋጃም ከጎብዬም ለቀስተኛ ያመላልሳል። በስልክ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሞተውም ያልሞተውም ይታወቃል። የዛሬ ሰው ሞቱን በአግባቡ ሞቶ፣ በአግባቡ ይለቀስለታል፤ ይህን ሳይ አንዳንዴ ደስ ይለኛል። እኔ ለቅሶ አይቀረኝም። የማላውቀው ሰው ቢሆንም ነጠላዬን አዘቅዝቄ እሄዳለሁ። እንባዬ ቅርብ ነው፤ ሴቶቹ እሷ ከመጣች ለቅሶው ይሞቃል ይሉኛል። የሟቹን ስም እንኳ ሳልጠይቅ የምገባበት ቀን አለ። ዳር ይዤ እቀመጣለሁ፣ ፊቴን እሸፍናለሁ፣ ከነጠላው ስር ማንም ሳይሰማኝ ከበቡሽ፣ ከበቡሽዬ እላለሁ።