ጎረቤቴን ለቅሶ የደረስኩ ዕለት

የልጄ ልጆች «እማማ፣ እስኪ ንገሪን» ይሉኛል። ትልቋ ኮሌጅ ገብታለች፤ አርሊንግተን ነው የምትማረው። ቤት ስትመጣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና «ሪከርድ እያደረግሁ ነው፤ ሶ፣ መጀመሪያ አሜሪካ ስትመጪ እንዴት ነበር?» ትለኛለች። የሚፈልጉት የሚያስቅ ነገር ነው። ኤርፖርት ላይ የሚሄደው ደረጃ ነጠላዬን እንደያዘብኝ፣ በረዶ ያለበት ውሃ ሰጥተውኝ ጥርሴን ይዤ እንደተቀመጥኩ። እሱን ነግሬያቸው ስቀዋል። ይኼኛውን ግን ለስልክ መናገር አልሆንልሽ አለኝና ልጽፈው ተቀመጥኩ። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው። ጽሕፈቴ ቢወላገድ፣ ነገሬም ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሡኝ።

መጀመሪያ የኖርነው ኧርቪንግ ነው፤ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ አፓርትማ ውስጥ። አውሮፕላኑ በላያችን ሲያልፍ ቁምሳጥን ውስጥ ያለው ብርጭቆ ይንጫጫል። ግን ሰው ነበረ። ከላይ ሐበሻ፣ ከታች ሐበሻ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ካልኩ የሚወጣው የሚወርደው ሁሉ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ሳይለኝ አያልፍም። አገሬን ለቅቄያለሁ የሚለው ነገር እንኳ እዚያ ሳለሁ ብዙም አልተሰማኝም። ከዚያ ልጄና ባሏ ቤድፎርድ የሚባል ከተማ ቤት ገዙ። ደስ አላቸው፣ እልል አልኩላቸው።

ቤቱ መልካም ነው። ሣሩ የተከረከመ፣ መንገዱ የተጠረገ። ሰው ብቻ የለበትም። ጠዋት ጋራዥ ይከፈታል፣ መኪና ይወጣል፣ ጋራዥ ይዘጋል፤ ማታም እንደዚያው ነው። እንዲህ ሆኖ ሰው ፊቱን ሳያሳይ ዓመት ይከርማል። እኔ ደግሞ መቀመጥ አልችልም። ኮምቦልቻ ልጅ ሳለሁ እንኳ እናቴ «የዚች እግር መሬት አይጠግብም» ትለኝ ነበር። ነጠላዬን አድርጌ በየመንገዱ እዞራለሁ። ያገኘሁትን ሁሉ ጎንበስ ብዬ ሰላም እላለሁ። የሚመልስም አለ፣ ውሻውን ሳብ አድርጎ ወደ ማዶ የሚሻገርም አለ።

አንድ ቀን የልጄ ባል፣ ትሑት ሰው ነው፣ እየፈራ እየቸረ «እማማ፣ ዝም ብለው ሰፈሩን አይዙሩ፤ ሰዎቹ ይደነግጣሉ» አለኝ።

«ምኔ ያስደነግጣል? አሮጊት ነኝ።»

«ማለቴ… አያውቁዎትም።»

«አንተንስ ያውቁሃል?»

የመኪናውን ቁልፍ አነሣ። ኤርፖርት እየሠራ ስንት ዓመቱ፣ ያን ሰፈር በመኪና ካልሆነ በእግሩ ሲሄድበት አይቼው አላውቅም።

በዚያው ሰመር ከጎናችን ያለው ቤት ጥንድ ሽማግሌዎች ገቡበት። ጥቁሮች ናቸው። ከሰሜን፣ ብርዱ ከሚከፋበት ከተማ፣ ጡረታ ወጥተው ወደ ልጃቸው መምጣታቸው ነው። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ፎርት ዎርዝ ይኖራል። እነሱም እንደኛ ለሰፈሩ አዲስ፣ ጎረቤቱም ለእነሱ እንደኛው ዝግ። ይህንን ሁሉ የነገረችኝ ልጄ ናት እንጂ እኔ ቋንቋ የለኝ።

አንድ ጠዋት ስዞር ጋራዣቸው ክፍት ነው። ሴትየዋ፣ በዕድሜ እኩያዬ ትሆናለች፣ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ጭኗ ላይ አድርጋ ጎመን ትቀነጥሳለች። ጎመን! ያ ሰፊው፣ የኛው ጎመን። እግሬ ወስዶ አስገባኝ። ሳልጠየቅ እጄን ሰደድኩና ግማሹን አንሥቼ መቀንጠስ ጀመርኩ። ቀና ብላ አየችኝ፣ ሳህኑን አየች፣ ከዚያ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች። ባሏን ጠርታ ወንበር አስመጣችልኝ። ባሏ ግዙፍ ሰው ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል፣ እያነከሰ ነው ያመጣልኝ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እዚያው ነኝ። እሷ ቅጠሉን እየጠቀለለች በረጅሙ ትከትፋለች፣ እኔ አድቅቄ ስከትፍ እጄን መታ እያደረገች የራሷን ታሳየኛለች፣ «አይ፣ እንዲህ ነው» እላታለሁ በአማርኛዬ፣ እሷም በራሷ ቋንቋ «አይ» ትለኛለች። «ማማ» ነው የምትለኝ። እሷ በሷ ቋንቋ፣ እኔ በኔ፣ እናወራለን። ስለ ልጇ ስታወራ በድምፅዋ አውቃለሁ። እሑድ እሑድ ይመጣል፣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ይላል። ያሳደጉት ልጅ መሆኑ ከእጅ አያያዙ ያስታውቃል።

ልጄ ይህ ነገር አላማራትም። አንድ ምሽት እራት ላይ «እማዬ፣ ጥቁሮቹ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ።

«ጎመን እቀነጥሳለሁ።»

«ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ እኔ ምንም አላልኩም። ግን በጣም አትቀራረቢ።»

«ምነው?»

«እንዴ… እኛ እዚህ ሰፈር ገና ነን። ከእነሱ ጋር አንድ ላይ እንዲቆጥሩን አልፈልግም።»

ይቺ አሁን ኮሌጅ ያለችው ያኔ አሥር ዓመቷ ነው። ማንኪያዋን አስቀምጣ «ማሚ፣ እኛም እኮ ብላክ ነን» አለች።

«አንቺ ሾርባሽን ጠጪ!»

እውነቱን ለመናገር እኔም «ጥቁሮቹ» እል ነበር። እጃችን አንድ ሳህን ውስጥ ገብቶ ጎን ለጎን ሲታይ የኔው ይብስ ይጠቁራል። ያንን በዓይኔ እያየሁ፣ ቤቴ ስገባ «ጥቁሮቹ እንዲህ አሉ፣ ጥቁሮቹ እንዲያ አደረጉ» እል ነበር። ከማን እንደተማርኩት እንጃ።

ሙቀቱ ሲሰበር፣ አንድ ቀን ደጃቸው በመኪና ተሞላ። በመስኮት አያለሁ። ሴቶች የተሸፈነ ትሪ ይዘው ይገባሉ። ጎረቤቴ አንዷን ልትቀበል ወጣችና ደጃፉ ላይ ወደቀች፤ ደግፈው አስገቧት። ሰው አይንገረኝ፤ የልጅ ሞት መሆኑን ከአወዳደቋ አወቅሁ። ማታ ልጄ አጣርታ መጣች። ልቡ ነው አሉ፤ ሥራ ቦታው ላይ እንደቆመ።

ነጠላዬን ሳነሣ ልጄ ያዘችኝ። «እማዬ፣ እዚህ እንደዚያ አይደለም። ሳይጠሩሽ አይኬድም። ካርድ እንልካለን።»

«ለቅሶ ተጠርቶ ነው እንዴ የሚኬደው?»

«እዚህ አገር አዎ።»

እሺ አልኩ። አገሩን የምታውቀው እሷ ናት ብዬ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን ከመጋረጃ ኋላ ሆኜ የሰው መኪና ስቆጥር ሰነበትኩ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በኛ ዘንድ ሠርግ የቀረ ሰው ይቅርታ ይጠይቅና ያልፋል፤ ለቅሶ የቀረ ሰው ግን በምን ዓይኑ ያያል? ይቺ ሴት በዚህ አገር ያለችኝ አንዲት ጎረቤቴ ናት። ካልሄድኩ፣ ለካ የመጣችው ለጎመኑ ኖሯል ትለኛለች። አጣኋት ማለት ነው።

በስድስተኛው ቀን ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ልጄና ባሏም ሥራ ሄዱ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለበስኩና ወጣሁ። እንግዲህ የዘገየ ለቀስተኛ ዝም ብሎ ሰተት ብሎ አይገባም። ከደጅ ጀምሮ ድምፁን አውጥቶ፣ ደረቱን እየመታ ነው የሚገባው፤ ሐዘንተኛው ከውስጥ ይስማና መምጣቱን ይወቅ ነው። የተማርኩት እንደዚያ ነው። ስለዚህ ከኛ በር ጀምሬ «ልጄን! የኔን ጌታ! ምነው ልጄን!» እያልኩ በሣሩ ላይ ሄድኩ።

እሷ ወጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ባርኔጣ አድርጋ። ለካ ቀብሩ ያን ዕለት ኖሯል፤ እዚህ ሬሳ ሳምንት እንደሚቆይ ማን ነግሮኝ? መጀመሪያ ደርቃ ቆመች። ከዚያ አንድ ጫማዋ ሣሩ ላይ እየቀረ መጣችና ደረቴን እንዳልመታ ሁለት እጄን ያዘችኝ። እኔ አስለቅቄ እመታለሁ፣ እሷ ትይዘኛለች። ከዚያ ግን እሷም ለቀቀችው። እስከዚያ ቀን ድምፅ አውጥታ ያለቀሰች አይመስለኝም፤ የወጣው ድምፅ ታፍኖ የሰነበተ ነው። ልወድቅ ስል ባሏ በሙሉ ልብሱ ሮጦ መጥቶ ወገቤን ያዘ። ሦስታችን እዚያ ሣር ላይ፣ አንዳችን አንዳችንን ይዘን አለቀስን። እዚህ አገር ከመጣሁ እንግዳ መሆኔን የረሳሁት ያን ጊዜ ነው። ብዙ አልቆየም።

ሁለት የፖሊስ መኪናዎች መጥተው ቆሙ። አንዱ ፖሊስ ገና ሳይወርድ ይጮኻል። ሽማግሌው እጁን ወዲያው አነሣ። አልጠየቀም፣ አልዘገየም። ከልጅነቱ የሚያውቀው ነገር እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እጁን ወደ ኋላ አስረው ከመንገዱ ዳር፣ ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት፤ ሣር የሚያጠጣው ውሃ እዚያ ተኝቶ ነበር።

ሌላዋ ሴት ፖሊስ ናት፤ ልጅ እግር፣ ረጋ ያለች። ራቅ አድርጋ ወሰደችኝና ውሃ ሰጠችኝ። ትጠይቀኛለች። እኔ «ለቅሶ ነው! ለቅሶ!» እላለሁ። ሽማግሌውን በጣቷ ታሳየኛለች፣ መልሳ እኔን ታሳየኛለች። ምን ልበላችሁ፣ ላስረዳት ብዬ እጄን ጨብጬ ደረቴን መታሁ፣ ወደ እነሱም አመለከትኩ፤ ሐዘናቸውን ላዝን ነው የመጣሁት ማለቴ ነበር። ትከሻዋ ላይ ባለው ሬዲዮ አንድ ነገር ተናገረች። ያልገባት መሰለኝና ይበልጥ አጥብቄ መታሁ። ሁለቴ፣ ሦስቴ። ለሷ ግን ሰውዬው እንዴት እንደመታኝ የማሳያት መሰላት። እያንዳንዱ የመታሁት እሱ ላይ እየተጻፈ ነበር።

ሚስቱ መጀመሪያ በቀስታ ታስረዳለች፣ ኋላ ጮኸች፤ «ወደ ኋላ» አሏት። ለቀብር የመጡት ዘመዶቻቸው ከመኪና እየወረዱ መንገድ መሐል ቆሙ። አንድም የቀረበ የለም። ከፊት ለፊታችን ያለው ነጩ ጎረቤት፣ ውሻ ያለው፣ በሩ ላይ ቆሞ እጁን አጣምሮ ያያል።

የልጄ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ሁልጊዜ መቀነቴ ውስጥ ነው። ልጅቷ ፖሊስ እሱን አገኘችና ደወለች። ልጄ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። አስረዳቻቸው። ልጅቷ ፖሊስ አቀርቅራ መሬት መሬት አየች። ሽማግሌውን ፈቱት፤ ጉልበቱ ግን አልነሣ አለው፣ ሁለት ሰው ደግፎ አነሣው። ሱሪው ከኋላ ርሶ ጭቃ ሆኗል። ሚስቱ ከቦርሳዋ ነጭ መሐረብ አውጥታ ጠረገችው። አልተወለቀም፣ አልተለወጠም፣ ሰዓቱ ደርሷል። እንደዚያው ሆኖ ልጁን ሊቀብር ሄደ።

«ምን አልሻቸው?» አልኳት ልጄን።

«ባህላችን ነው አልኳቸው።»

«ለጎረቤቴስ?»

«ሶሪ አልኳት።»

«ምን አለችሽ?»

«ምንም።»

ከሳምንት በኋላ ልጄን አስከትዬ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን በጠባቡ ከፈተችው። እጄን ያዘችው፣ ግን አልጨበጠችውም። የተናገረችውን ልጄ ነገረችኝ። «ክፉ አስበሽ እንዳልመጣሽ አውቃለሁ ትልሻለች። ባለቤቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ደጅ መውጣት ጠልቷል ትላለች።» ጋራዡ ከዚያ ወዲያ አልተከፈተም። ስንት ጠዋት ደጁን አልፌ ተመለስኩ። ቅጠሉ ሲለመልም ትልቅ የጭነት መኪና መጣና ወደ መጡበት ከተማ ተመለሱ። መኪና ውስጥ ከመግባቷ በፊት ወደ መስኮታችን ቀና ብላ አየች። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። ተደበቅሁ። መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም።

ከዚያ ወዲያ ልቤ ያረፈው ፊት ለፊት ያለው ሰውዬ ላይ ነው። ለፖሊስ የደወለው እሱ ነው አልኩ። ለልጄም፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰውም እንዲያ ብዬ ነገርኩ። የቆሻሻ በርሜላችንን ከመንገድ አንሥቶ በራችን ድረስ ያመጣልናል፤ አንድ ክረምት በረዶ ጥሎ መብራት ሲጠፋ ማገዶ ተሸክሞ መጣ። ፊቴን አዞርኩበት። ሰላም ሲለኝ መሬት አያለሁ። ሰላምታ ነፍጌ የማላውቅ ሴት፣ ሰውዬውን ስንት ዓመት ሰላም ሳልለው ኖርኩ።

ባለፈው ዓመት ለክርስትና ተጠርተን፣ አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ደግ ሴት ናት፤ መልካም መልካሙን እየመረጠች ወደኔ ትገፋልኛለች። ቤቴ የት እንደሆነ ጠየቀችኝና ነገርኳት።

«እንዴ እማማ! እኔም እኮ እዚያ መንገድ ላይ ኖሬያለሁ፤ ጥግ ያለው ቤት። አራት ወር ብቻ ተከራይተን ለቀቅን።»

ሐበሻ መንገዳችን ላይ እንደነበረ አላውቅም ነበር። ጋራዥ ተከፍቶ፣ ጋራዥ ተዘግቶ።

«አንድ ቀን እዚያ ያየሁትን ልንገርዎ» አለችኝ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ወደ ሥራ ስወጣ፣ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናታችንን ሁለት ጥቁሮች ሣር ላይ ይዘው ሲደበድቧቸው! እየጮኹ፣ እያለቀሱ። በእግዚአብሔር፣ የራሴን እናት ነው የመሰሉኝ። ወዲያው ፖሊስ ኮል አደረግሁ። ሥራ ረፍዶብኝ ስለነበር አልቆምኩም። አሁንም ሳስባቸው፣ እኔ ባልደውል ኖሮ እላለሁ።»