የዓርብ ወተትና ነጩ ጀሪካን

በኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ እጄን ሳላወጣ የተናገርኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር፤ ቀኑም ዓርብ። እንደ ልማዴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ መምህርታችን የሚሉትን ሁሉ እጽፋለሁ። ቢያስሉ እንኳ የምጽፈው ይመስለኛል። ላቦራቶሪ ከመግባታችን በፊት የአደጋ ምልክቶችን ሊያሳዩን የፀረ ተባይ ዕቃዎችን ፎቶ በስክሪኑ ላይ ያሳልፋሉ። አንድ ፎቶ መጣ። ነጭ ጀሪካን ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ከወረቀቱ ግርጌ ቢጫ መስመር አለ፤ በመስመሩ ውስጥ ትንንሽ ሥዕሎች ተደርድረዋል፦ ጓንት ያጠለቀ እጅ፣ ከቧንቧ ሥር የተዘረጋ እጅ።

«ይሄ እኛ ቤት አለ!» ብዬ ጮህኩ።

ክፍሉ ሳቀ። መምህርታችንም ፈገግ አሉ። «ገበሬ ናችሁ እንዴ?»

«ላሞች አሉን። ፉሪ።»

«ታዲያ በዕቃው ምን ታደርጉበታላችሁ?»

«ወተት።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ያ ጀሪካን እንዴት ቤታችን እንደገባ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ያመጣሁት እኔ ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን ማለፌን በሰማሁ ሰሞን አንዲት ሴት «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለች በሰፈራችን አለፈች። አሮጌ ልብስና ጫማ ወስዳ የፕላስቲክ ዕቃ የምትሰጥ ነጋዴ ናት። እኔም የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜንና የተሰነጠቀ ጫማዬን አውጥቼ ሰፊ ሳፋ ለወጥኩ። «ምርቃትስ?» ብላት ከጀርባዋ ካለው ጆንያ አንድ ነጭ ጀሪካን አወጣችልኝ። አፉ ሰፊ ነው፤ ክዳኑ ግጥም ይላል፤ ፕላስቲኩ እንደ አጥንት ጠንካራ ነው። ወረቀቱ ተልጦ ከግርጌው አንድ ቁራጭ ብቻ ቀርቶ ነበር። እማዬ ወተት የምታስቀምጥበት ዕቃ ያፈስ ስለነበር እየሮጥኩ ነው ያመጣሁላት። «እንዲህ ያለች ልጅ ማን አላት!» አለችኝ። ይህን ቃል ለመስማት ምን የማላደርገው ነገር አለ?

እርግጥ ነው፣ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ነበረው። በሳሙና አጠብነው፤ አለቀቀም። በአመድ አሸነው፤ አሁንም አለ። እማዬ ግን አልተቸገረችም። እኛ ዘንድ የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ነው የሚጸዳው። ወተቱም ይጣፍጣል፣ ቶሎም አይበላሽም። «ወይራ የማያስለቅቀው ሽታ አልተፈጠረም» ብላ ጀሪካኑን በሚጨሰው ወይራ ላይ ደፋችው። ሦስት ቀን እንዲህ አደረገች። በሦስተኛው ቀን አፍንጫዬን አስገብቼ አሸተትኩና «እማዬ፣ ወይራ ወይራ ብቻ ነው የሚለው!» አልኳት። በማግሥቱ ወተት ገባበት።

የቀረችውን ቁራጭ ወረቀት ያነበበችልን የአምስት ዓመቷ እህቴ ናት። ሁላችንም ሚጢ ነው የምንላት። በዚያ ሰሞን መዋዕለ ሕፃናት እጅ መታጠብ ተምራ ስለነበር ከቧንቧው ሥር ያለውን እጅ በጣቷ እየነካች «እጅ ታጠቡ ይላል!» አለች። ከዚያ በኋላ የጀሪካኑ ስም «እጅ ታጠቡ» ሆኖ ቀረ። «እጅ ታጠቡን አምጪልኝ» ትላለች እማዬ፣ ወተት ልትቀዳ ስትል።

ትምህርቱ ሲያልቅ መምህርታችን አስቀሩኝ። ቀይ መስመር ያለው ከሁሉ የከፋው እንደሆነ፣ ቢጫው ቀጥሎ እንደሚመጣ፣ ሰማያዊውም ቢሆን መርዝ እንደሆነ፣ ሥዕሎቹም ማንበብ ለማይችል ሰው ተብለው እንደተሠሩ ነገሩኝ። «ሽታውን ነው ያጠፋችሁት» አሉኝ። «ፕላስቲኩ መርዙን ይመጥና ቀስ እያለ መልሶ ይለቀዋል። ወተት ደግሞ ቅባት አለው፤ ቅባቱ ይስበዋል። ለትልቅ ሰው ትንሽ የሆነው ለሕፃን ትንሽ አይደለም። ሰውነቱ ገና እየተሠራ ነው።» ይህንንም ጻፍኩት። የጻፍኩትን አይቼ ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እማዬ የማታውን ወተት የምታከፋፍለው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

እየሮጥኩ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ስወርድ ደወልኩ።

«ሄሎ! እማዬ ሳር ልታጭድ ሄዳለች!» አለች ሚጢ።

«ስሚኝ፤ እጅ ታጠቡ ውስጥ ወተት እንዳይገባ። እሺ? ለእማዬ ንገሪያት።»

«ለምን?»

«ጥሩ አይደለም፤ ያማል።»

«ታጥቧል እኮ!»

«ሚጢዬ፣ በእናትሽ!»

«እናቴ እናትሽም ናት» አለችና ዘጋችው። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አይነሳም።

የሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ሰልፉ እንደ ዕድር ድንኳን ሰው ሞልቶታል። ተራዬ ደርሶ ስቀመጥ የተሰማኝ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ እውነቱን ልናገርና ደስታም ነበረበት። ማታ ማታ የማጠናው ነገር ሁሉ በድንገት ነፍስ ዘርቶ ከእኔ ጋር ታክሲ የተሳፈረ መሰለኝ! አጠገቤ ለተቀመጡት እናት ስለ ቢጫው መስመር መንገር ጀመርኩ። ለቡ ስንደርስ ከኋላ ያሉትም አንገታቸውን አስግገው ይሰማሉ። «የቀለም ባልዲስ? ውኃ ነው የማደርግበት» አለ አንዱ።

«ቲቸር፣ ክላሱ ካለቀ ሒሳብ!» አለኝ ወያላው።

ከሀይሌ ጋርመንት ሌላ ታክሲ ይዤ ፉሪ ስወርድ አሥራ አንድ ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። በራችን ላይ ስደርስ የእማዬ ድምፅ ከውስጥ ይሰማል።

«ዕቃዬን ማን ወሰደው? ዕቃዬን ማን ነካው ነው የምለው!»

የታለበው ወተት በብረት ባልዲው ውስጥ አረፋውን እንደያዘ ቆሟል። ሚጢ የሳር ክምሩ ላይ ወጥታ እግሯን እያወዛወዘች ዝም ብላለች። እኔን ስታይ ግን አላስቻላትም።

«ደብቄዋለሁ! እማዬ አልሰማ ስትለኝ ደበቅኩት!»

ከሳሩ ሥር ስቤ አወጣሁትና እጇን በሳሙና አስታጠብኳት። ከዚያ ወደ እማዬ ዞርኩ።

«እማዬ፣ ይሄ የመርዝ ዕቃ ነው። የተባይ መርዝ።»

«አጥበነዋል። አጥነነዋል፤ ሦስት ጊዜ! አንቺው አይደለሽ አሽትተሽ ምንም የለውም ያልሽኝ?»

«ብያለሁ።»

መምህርታችን ያሉትን አንድ በአንድ ነገርኳት። ወይራው ሽታውን እንደሸፈነው፣ ሥዕሉም «እጅ ታጠቡ» የሚለው ለምን እንደሆነ። በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ያየችው ሚጢን ነው። ሚጢ ለሦስት ወር ጠዋትና ማታ ከዚያ ዕቃ ጠጥታለች። ከዚያ በሩን አየች። ደንበኞቿ ሊመጡ ነው። አባዬ ለቡ በሚሠራ ሕንፃ ጥበቃ ሆኖ ያድራል፤ ቤቱን ያቆመው ግን ወተቱ ነው። መሬቱ በየጊዜው ሲጠብ ከእርሻችን የቀሩት እነዚህ ሦስት ላሞች ብቻ ናቸው።

ያን ጊዜ ያልኩትን እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል። ደስ ላሰኛት ፈልጌ ነው።

«ለማንም ሳንናገር እንቀይረው። ማን ያውቃል?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ኢንተላኮ» አለች። ልጄ ማለቷ ነው፤ ኦሮምኛዋ የሚመጣው ወይ ስታዝን ወይ ስትወድ ነው። «ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ዓርብ።»

«ዓርብ ትልቅ ሰው ይጾማል። ዛሬ በዚህ በር የሚወጣው ወተት ለማን ነው?»

«ለልጆች» አልኩ፤ ልክ ክፍል ውስጥ እንደምመልሰው።

 ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ሄደች።

ሰባት ስምንት ሆነው መጡ። ከፊት የቆመችው ከኮንዶሚኒየሙ የምትመጣው የመንትዮቹ እናት ናት። ከኋላዋ ደግሞ ከወላይታ መጥታ አጠገባችን የምትኖረው ዘማሪዋ ጎረቤታችን። እማዬ ባልዲውን ሳትነካ ተናገረች።

«ስሙኝ እኅቶቼ። ሦስት ወር ወተት ያደረግኩበት ዕቃ የተባይ መርዝ ዕቃ ነበር። አላወቅንም። ልጄ ዛሬ ተምራ መጥታ ነገረችኝ። የዛሬው ወተት በባልዲ ነው፤ ዕቃው አልነካውም። ብትወስዱም ባትወስዱም አልቀየማችሁም።»

ማን እንዳመጣው አልተናገረችም።  «ያመጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ከልዋጭ። ግርጌው ላይ ቢጫ መስመር አለው።»

«ሦስት ወር!» አለች የመንትዮቹ እናት። «ሦስት ወር ሙሉ ልጆቼን! ጠዋት ጠዋት እኮ የምሰጣቸው እሱን ብቻ ነው!» ባዶ ድስቷን አቅፋ ሄደች። ሁለቱ ተከተሏት። ሌሎቹም እርስ በርስ ተያዩ።

«እኔ የምለው» አለች ዘማሪዋ፣ «ይሄ ቢጫ መስመር ያልሽው... እኔ ቤት ደግሞ ሰማያዊ መስመር ያለበት ዕቃ አለ። ላምጣው?»

«አምጪው!»

እንዲህ ነው የጀመረው። አንዷ ስትሄድ ሌላዋም ትዝ አላት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ግቢያችን በጀሪካን፣ በባልዲና በበርሜል ተሞላ! የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እያገላበጡ ያዩ ጀመር፤ ማንም እንዳይነካ ብዬ በዱላ መስመር አሰመርኩ። እኔ ደብተሬን ይዤ በየተራ አየሁ። የሳሙና ነው፤ የዘይት ነው፤ የቀለም ነው፣ ለውኃ አይሆንም። የዘማሪዋ ሰማያዊ መስመር እውነትም የፀረ ተባይ ሆነ፤ የአልጋ ልብስ ትነክርበት ነበር። የአንዷ ደግሞ ከሕንፃ ሥራ ቦታ የመጣ ነው፤ ወረቀት የሚባል የለውም። ሕፃኗን የምታጥበው ከእሱ በተቀዳ ውኃ ነው።

«ይሄስ?»

«አላውቅም» አልኩ። አላውቅም ማለት ለእኔ ከባድ ነው። «ግን የማናውቀውን ዕቃ ለልጅ ባናደርገው ይሻላል።»

«ቆራሌው ይውሰደው ታዲያ» አለች።

«እሱ ሸጦት ሌላ እናት ትገዛዋለች» አለች ዘማሪዋ። «ሃሌ ሉያ፣ እኛም እንዲህ ነው የገዛነው!» ሁሉም ሳቀ፤ እማዬ ግን አልሳቀችም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚጢንና ከሰፈር አራት ልጆችን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ወንበሩ ላይ የመንትዮቹ እናት ልጆቿን በሁለት ጉልበቷ አስቀምጣ አገኘናት። ሰላምታ አልሰጠችንም። ሐኪሟ ያስመለሳቸው፣ ያላባቸው፣ ያንቀጠቀጣቸው ልጆች እንዳሉ ጠየቀች፤ ዓይናቸውንና አተነፋፈሳቸውን አየች። የወረቀቱን ቁራጭ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ነበርና አሳየኋት።

«ጎበዝ፤ ይሄ ይረዳኛል» አለችኝ። ደስ አለኝ። እንዲህ ባለ ቦታ ደስ ስለተሰኘሁም አፈርኩ።

«አሁን የማየው ምልክት የለም» አለች ለሁላችንም። «ለወደፊት ምንም የለም ብዬ ግን ልምልላችሁ አልችልም። እየመጣችሁ አሳዩኝ። ትልቁ ነገር መቆሙ ነው። ቢቀጥል ነበር የምፈራው።» የመንትዮቹ እናት ይህን ስትሰማ ልጆቿን ጠበቅ አድርጋ አቀፈቻቸው።

ከሰዓት በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጓንት አድርጋ መጣች። ማቃጠል እንደማይገባ፣ ጭሱም መርዝ እንደሆነ ነገረችን። ማንም ዳግመኛ እንዳይጠቀምባቸው የተለዩትን ሁሉ በወፍራም ምስማር በስታ በጆንያ ወሰደቻቸው። «እጅ ታጠቡ» ሲበሳ ሚጢ ጆሮዋን ያዘች።

እማዬ ከአክስቴ የአሉሚኒየም የወተት ቢዶን ተውሳ ነበር። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ወይራዋን አጨሰችና ቢዶኑን ደፋችበት። ጭሱ እንደ ድሮው ነው። ወተቱን አጥልላ ሞላችና በሩን ከፍታ ቁጭ አለች። ማንም አልመጣም። ያልተሸጠው የዓርብ ወተት ረግቶ እርጎ ሆኗል። «ይሄም እርጎ ከሆነ በእርጎ ልንታጠብ ነው» አለች። እኔ ለሰኞ ፈተናዬ ደብተሬን ገልጬ አንድ መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኩ።

ፀሐይ አጥሩ ላይ ስትወጣ የእግር ኮቴ ተሰማ። የመንትዮቹ እናት ናት። በሩ ላይ ቆመች፤ እማዬም ተነሣች። 

«ዕቃሽን አሳዪኝ» አለች የመንትዮቹ እናት።

እማዬ ቢዶኑን አቀረበችላት። ጎንበስ ብላ ዙሪያውን አየች፤ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። ከዚያ ውስጡን እንደገና አየች። ማሽተት እንደማይበቃ እሷም ገብቷታል።

«ከአንቺ ሳይሆን ከሌላ ሰው ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ በዚህ በር አላልፍም ነበር» አለች። «ቅጂልኝ። የሁለቱንም።»

ድስቷን ልትዘረጋ ስትል ሚጢ መሃል ገባች። ሁለት እጇን ዘርግታ፣ «ቆይ! ፍተሻ አለ!» አለች። የመንትዮቹ እናት ሳትስቅ ድስቷን ገልብጣ ዝቅ አደረገችላት። ሚጢ ሥሩን በደንብ አየች፤ ዙሪያውንም በጣቷ ዳሰሰችው።

«እጅ የለውም» አለች። «ይለፍ።»

እማዬ ቀዳች።  ከዘማሪዋ ቤት በኩል የጀሪካን ድምፅ ሲመጣ ሚጢ የፍተሻ ቦታዋን ለመያዝ ወደ በሩ ሮጠች።