ለአረፋ ትመጣለች ያልሁት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም። ሃያ ምናምን ዓመት የጤና ጣቢያ ወለል ስወለውል ኖሬ ቤት ዘግቶ መቀመጡ አልሆነልኝም። ሰኞ ሰኞ መካነ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ ካለችው ሽሮ ቤት ምሳዬን እበላለሁ። ረቡዕ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሬ ሄጄ ታላቅ እህቴ ዘንድ አድራለሁ። ቅዳሜ ገበያውን እዞራለሁ። በመሀል ያገኘሁትን አነባለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ፊደል የቆጠርሁት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት፣ ልጅ አዝዬ ነው። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ ዘርግቼ ሳላነበው አልጥለውም።

እህቴ ግን ፊደል አልቆጠረችም። በልጅነቷ እስላም አግብታ ሰለመች፣ እኔ ክርስቲያን ሆኜ ቀረሁ፤ በእኛ አገር ይህ ብርቅ አይደለም። ሴት ልጇ ከተማ ስትማር እኔ ቤት ነበር የምትቀመጠው። ኋላ ዓረብ አገር ለሠራተኝነት ስትሄድ ደብዳቤዋን የምትልከው በእኔ ስም ሆነ። ከዚያ የሚመለስ ሰው ሽሮ ቤት ይጥልልኛል፣ እኔ ረቡዕ ይዤ ሄጄ ለእናቷ አነብላታለሁ። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖርን።

አንድ ሰኞ ሁለተኛዋን ጉርሻ ሳልውጥ የሽሮ ቤቷ ባለቤት ፖስታ ይዛ መጣች።

«እማማ፣ የዓረብ አገር ወረቀት መጥቶልዎታል። የምሥራች ካለበት ለእኔም ሽቶ ያስልኩልኝ» አለችኝ እየሳቀች።

«አንቺ ሽቶ ምን ያደርግልሻል፤ የሽንኩርቱ ሽታ ይበቃሻል» አልኋት።

ጽሕፈቱ የልጃችን አልነበረም። እዚያው ከተማ የምትሠራ የአገራችን ልጅ ናት የጻፈችው። ከሰላምታው ቀጥሎ፣ ልጅቱ ሆዷን ታማ ሆስፒታል ገባች፣ በሦስተኛው ቀን አረፈች፣ እዚያው ቀበርናት ይላል። እኔ እንደሆነ ቶሎ አላነብም፤ በጣቴ እየተከተልሁ፣ ቃል በቃል ነው። እንዲህ ሆና ልጅቱ በጣቴ ሥር ቀስ እያለች ሞተችብኝ።

«እማማ፣ ምነው እጅዎ ቆመ?»

«ጨው በዝቶበታል» አልሁ።

ባለቤቷ ከትሪዬ ላይ ቆርሳ ቀመሰች። «ወላሂ አልበዛበትም» አለች። ከዚያ ፊቴን አየችና ትሪውን ከፊቴ አነሣችው።

በማግሥቱ የእህቴን ደጅ በማይነካ መንገድ ዞሬ ወደ ሼሁ ሄድሁ። የእህቴ ሟች ባል ወንድም ናቸው፤ በመንደሩ ልጆች ቁርአን ያስተምራሉ። የነገርኋቸውን ሰምተው እንባቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ወንድ ልጇ ሳይመጣ አናረዳትም» አሉኝ። «ደጎሎ ሰው እልክበታለሁ። እሑድ ማለዳ ይሁን።»

«እኔስ እስከዚያ ምን ልሁን?»

«አንቺማ ነገ እንደ ወትሮሽ ነይ። ከቀረሽ ትጠረጥራለች። አብሽሪ፣ አራት ቀን ነው።»

መርዶ በእኛ ዘንድ እንደዚህ ነው። ለብቻው ላለ ሰው በድንገት አይነገርም። ዘመድ ከያለበት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ዙሪያውን ቆሞ ነው። ልክ ነው ብዬ ተመለስሁ። ዛሬም ልክ አይደለም አልልም።

ረቡዕ ስደርስ እህቴ ከደጅ ቆማ ትጠብቀኛለች። ሽሮ ቤት የበላች አንዲት የመንደሯ ሴት ቀድማኝ ነግራታለች።

«አንቺ! ወረቀት መጥቷል አሉኝ እኮ! ምን ያንቀረፍፍሻል፣ እግርሽን እንዲህ እየጎተትሽ?»

እጇን ታጥባ፣ ሻሿን አስተካክላ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ደብዳቤ ስትሰማ ለሶላት እንደምትቀመጠው ሆና ነው። ወረቀት አልመጣም ለማለት ጊዜው አለፈ። ከጉያዬ አውጥቼ ዘረጋሁት። ዓይኔ «ቀበርናት» የሚለው ላይ እያረፈ አፌ ሌላ አነበበ።

«ይድረስ ለውድ እናቴ። እንደምን ሰንብተሻል? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም። እመቤቴ ከባዱን ሥራ ቀንሳልኛለች፤ ሥጋም ጨምሬያለሁ...»

«ተመስገን! ሥጋ ጨመረች!» ብላ ጉልበቴን መታችኝ። «መቼም አንቺ ሽሮ ብቻ እያበላሽ መንምናብሽ ነበር።»

«እሱን አልጻፈችም» አልኋት።

«አፍራ ነው። መቼ እመጣለሁ ትላለች?»

ይህን ሁልጊዜ ትጠይቃለች። ልጅቱም ሁልጊዜ «ኢንሻላህ በቅርቡ» ብላ ታልፈው ነበር። እኔም ያንኑ ብል በበቃ። ነገር ግን ፊቷን ቀና ብዬ አየሁት።

«ለአረፋ እመጣለሁ ትላለች» አልሁ።

ሼሁ እንደ ወትሮሽ ሁኚ አሉኝ እንጂ ጨምሪ አላሉኝም። ያቺን ቃል ከአፌ ምን እንዳወጣት ይኸው እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። እህቴ እልል ብላ ወጣች። ከደጅ ቆማ በየጎረቤቱ ተጣራች፤ ነገ ዱዓ አለ፣ ልጄ ለአረፋ ትገባለች፣ ማንም እንዳይቀር አለች።

ማንም አልቀረም። ሼሁ ለእሑድ እንዲዘጋጅ መንደሩን በሹክሹክታ ነግረውት ስለነበር፣ ሐሙስ ከዚያ ቤት የገባው ሰው ሁሉ ያውቃል። እንዴት ይቅር? ምን ብሎ ይቅር? እህቴ ሁለት ዶሮ አሳረደች፤ አንዱን ለእስላሙ በቢስሚላህ፣ ሁለተኛውን ክርስቲያን ጎረቤቷ በስመ አብ ብሎ ባረከላት፣ ለእኔና ለክርስቲያኖቹ። የእኛን ለይታ በምታስቀምጥልን ድስት ሠርታ አቀረበችልን።

«ብሉ እንጂ! ዛሬ ምን ነካችሁ? ሰው በደስታ ጊዜ እንዲህ ያፍራል?»

በላን። ዶሮውን በአፌ እንዳዞርሁት አስታውሳለሁ፤ እንዴት እንደዋጥሁት አላስታውስም። ጎኔ የተቀመጠችው ሴት እየጎረሰች እንባዋ ይወርዳል፤ እህቴ አየቻትና «በርበሬዬ እኮ ነው፣ ዘንድሮ ይፋጃል» ብላ ውኃ አቀበለቻት።

ከምግቡ በኋላ ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ውሸት አይሆንላቸው፣ እውነቱን አይናገሩ። «ያ ረቢ፣ ለዚች እናት ሰብር ስጣት፣ ትዕግሥቱን ስጣት፣ ልቧን አጽናላት» አሉ።

«ኸረ ሼህ!» አለች እህቴ እየሳቀች። «ምን ሆንሁ ብለው ነው ሰብር የሚለምኑልኝ? ሰብሩን ስምንት ዓመት ጨረስሁት። አሁን ደስታውን ይለምኑልኝ።»

«አሚን» አለ ሰዉ፣ አንገቱን ደፍቶ። እሷ ድቤውን ራሷ አነሣች። መንዙማ እያለች መታችው፤ እኛም አጨበጨብን። ያን ያህል ስትስቅ ከልጅነታችን ወዲህ አይቻት አላውቅም።

አርብ ወደ ከተማ ተመለስሁ። መንገድ ላይ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና ያን ጊዜ ነው ለራሴ ያለቀስሁት። ልጅቱን ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ፀጉሯን የሠራሁት፣ ደብተሯን የሸፈንሁት እኔ ነበርሁ። ለእናቷ አገር እየተሰበሰበላት ነው። እኔን መርዶውን ያረዳኝ ወረቀት ነው፣ ሽሮ ፊት።

ቅዳሜ ገበያ አልዞርሁም። የልጅቱ ወንድም በአይሱዙ ከደጎሎ ደረሰ፤ አብረን ወደ መንደሩ ወጣን፣ ሼሁ ቤት አደርን።

እሑድ ማለዳ እህቴ ሱብሂ ሰግዳ ከምንጣፏ ሳትነሣ ደጃፏ ሞላ። ቀና ስትል ልጇን ከሰው መሀል አየችው። ለአረፋ ካልሆነ የማይመጣ ልጅ ነው። ሼሁ አፋቸውን ሳይከፍቱ ገብቷታል። ሁላችንም ትጮኻለች ብለን ተጠጋናት። እሷ ግን እኔን ፈልጋ አየችኝ።

«ለአረፋ አላልሽኝም?» አለች።

ከዚያ በኋላ ነው የወደቀችው።

እስከ አርባው ድረስ አንድ ቃል አላናገረችኝም። አርባው ሲያልፍ፣ ሰዉ ሲበተን፣ ብቻችንን ቀረን።

«መደበቅሽን አልጠላሁብሽም» አለችኝ። «ወጉ ነው። እኔም ለሌላ ሰው ደብቄያለሁ። ግን በልጄ ሞት ድቤ አስመታሽኝ። አገሩ ሁሉ እያወቀ እኔ ሳቅሁ።»

«ይቅር በይኝ፣ እታለም።»

«ይቅርታውስ ይሁን።» ተነሥታ ደብዳቤዎቹ ያሉበትን የቆርቆሮ ሣጥን አመጣች። ወረቀቶቹን ጭኔ ላይ ዘረገፈቻቸው። «ከእነዚህ የትኛው የእሷ ነው፣ የትኛው ያንቺ?»

በመስቀሉም በአላህም ማልሁላት፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም የልጅሽ ነው አልኋት። ወንድ ልጇ ከደጎሎ ሲመጣ አንድ በአንድ እያነሣ አነበበላት፤ እኔ ካነበብሁት አንድ ቃል አልተለየም። «አስጠንታህ ነው» አለችው። የስምንት ዓመቱ ደብዳቤ እንዲህ ሆኖ ከእጇ ወጣ። የልጇን ሞት እግዜር ነው ያመጣው፤ ይህን ግን እኔ ነኝ።

አሁንም ረቡዕ ረቡዕ እሄዳለሁ። ምስር ትቀቅልልኛለች፣ ጾሜን ታውቃለች። ባለፈው ክረምት እንደዚሁ ተቀምጠን ከምስሩ ጠጠር ስንለቅም፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ሥጋ ጨምሬያለሁ ያልሽው፣ እሱም ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«እንዴት እንደ እሷ አደረግሽው? ድምፁ ሳይቀር እኮ የእሷ ነበር።»

እኔም አሳድጌያታለሁ ልላት አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥሁት። ያገኘቻትን ጠጠር ወደ ደጅ ወረወረች።

«እንግዲህ ምንም አታንብቢልኝ» አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ የሰፈር ሰው ለሰፈር ሰው እንደሚናገረው ነው።

«እሺ፣ እታለም» አልኋት።